ወንድሜ የተገረፈባት ዶቅዶቄ

ቆራሌው ያን ዕለት በእኛ በር ባያልፍ ኖሮ ይህን ጉድ ለእናንተም ለማንም አልተነፍሰውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ እሑድ ጠዋት፣ ገና ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ የእናቴ ድምፅ ከግቢ ይሰማኛል። «ይቺንስ ስንት ትላታለህ?» ትላለች። «እማማ፣ ይቺ እኮ ዝገት ናት። በኪሎ ካልሆነ አልወስዳትም» ይላታል ቆራሌው። በኪሎ! በካልሲ ዘልዬ ወጣሁ። ሰውየው የአባቴን ሞተር ሸራ ገልጦ፣ የበግ ላት እንደሚዳስስ ገዢ ጎማዋን እየጠቀጠቀ ነበር።

«አትሸጥም!» አልኩ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ አየችኝ። «አባትህ ከሞተ ጀምሮ ‹እሠራታለሁ፣ እሠራታለሁ› ስትል ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አይጥ ወልዳባታለች። ደግሞስ ሞተር በታገደበት ከተማ ብትሠራት የት ልትነዳት ነው?»

እውነቷን ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ብስክሌቶች ላይ ገደብ ሲጣል የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሲተክን፣ እኛ ቤት ግን የደነገጠ አልነበረም። የእኛዋ ድሮውንም ከግቢ አትወጣም። «እስከ ገና ታገሺኝ» አልኳት። «እስከ ገና ካልተነሣች ራሴ ተሸክሜ እሰጠዋለሁ።» ቆራሌው ጆንያውን ትከሻው ላይ እየጣለ «እንግዲያው ለገና እመለሳለኋ!» ብሎ ሄደ። የምሩን ነበር።

ስለ ሞተሯ ትንሽ ላውጋችሁ። ሆንዳ ሲቢ 350 ትባላለች። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 ነው የሠራት። ስሟ 350 ይበል እንጂ ትክክለኛ ልኳ 325 ሲሲ ነው። (ሰው ዕድሜውን ይቀንሳል፣ ሞተር ደግሞ ሲሲውን ይጨምራል፤ ያው ነው።) ሁለት ሲሊንደር አላት፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ደግሞ የየራሱ ካርቡራተር። አባቴ የገዛት እኔ ሳልወለድ፣ ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ ፈረንጅ መምህር ነው። ሰው «ዶቅዶቄህ እንዴት ናት?» ሲለው ፊቱ ይለወጥ ነበር። የእሷ ድምፅ ዶቅ ዶቅ አይደለማ! ሁለቱ ማርሚታዎች ተቀባብለው የሚያወጡት ወፍራም ጉርምርምታ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ድምፁን ከሩቅ ሰምተን በሩን ቀድመን የምንከፍተው እኔና ወንድሜ ነን።

ከ2000 ዓ.ም. ክረምት በኋላ ግን ሞተሯ ማንከስ ጀመረች። አንዱ ሲሊንደር አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተኛል። አባቴ ጥቂት ወራት እየነዳም እየገፋም ቆየና በመጨረሻ ግድግዳ ሥር አቁሞ ሸራ አለበሳት። ምን ሆነች ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። «ትልቁ ልጄ ገደላት» ይላል።

ይቺን ንግግር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ታዲያላችሁ በነጋታው ሥራ ጀመርኩ። ካርቡራተር ምን እንደሆነች ለማታውቁ፣ እኔም ያኔ በቅጡ አላውቅም ነበር፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅላ ለሞተሩ የምታጠጣ ዕቃ ናት። የማኪያቶ ማሽን በሏት። በክብደት ለአንድ እጅ ቤንዚን አሥራ አምስት እጅ ያህል አየር ትቀላቅላለች። ቤንዚኑ ከታንከሩ ወርዶ ከሥሯ ባለች ትንሽ ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። ሳህኗ ስትሞላ ተንሳፋፊዋ ከፍ ትልና መግቢያውን በመርፌ ትዘጋዋለች፤ የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለችውን ኳስ አስቡ። ሞተሩ ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ተሽቀዳድሞ ያልፋል፤ ሲያልፍም ጄት በሚሏት የነሐስ ቀዳዳ በኩል ቤንዚኑን ይዞት ይሄዳል። ከጄቶቹ ትንሿ ቀዳዳዋ ፀጉር ብታስገባ ነው። ቤንዚን ለዓመታት ሲቆም ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ያ ሙጫ ያቺን ቀዳዳ ከደፈነ በቃ፣ ሞተር የለም።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጋዜጣ ላይ የምሞነጫጭር ሰው ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ወንድ ልጅ ካቻቢቴ ከያዘ ማን ይመልሰዋል? የመጀመሪያውን ጥፋት በብሎኖቹ ጀመርኩ። የጃፓን ብሎን አናቱ መስቀል ስላለው ማንኛውም ባለመስቀል ካቻቢቴ የሚፈታው ይመስላችኋል። አይፈታውም! ጥርሱ ትንሽ ይለያል። ስትታገሉት ካቻቢቴው ይሾልክና የብሎኑን አናት ላጭቶ ይተወዋል። ከስምንቱ አምስቱን ላጨሁ። ሁለተኛው ጥፋት ባሰ። ዕቃውን ሁሉ አንድ ላይ ቀጢን የሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ዘፍዝፌው አደርኩ። በዚህች ካርቡራተር ውስጥ ዲያፍራም የምትባል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ላስቲክ አለች። ጋዝ ስትሰጡ ሞተሩ ይስባታል፣ እሷም ፒስተኗን ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ቤንዚኑም ይጨምራል። ጠዋት ቆርቆሮውን ስከፍት ያቺ ላስቲክ አብጣ ሊጥ መስላለች። ላወጣት ስል እጄ ላይ ለሁለት ተቀደደች።

ምክር ዓምድ ላይ ነውና ያለሁት፣ ምክር ካማራችሁ ይኸውላችሁ፦ ላስቲክ የሆነውን ሁሉ ሳታወጡ ምንም ነገር አትዘፍዝፉ። ሁለቱን ካርቡራተሮች ባንድ ጊዜ አትፍቱ፤ አንዷን ስትፈቱ ሌላዋ መልስ መስጫ ትሁናችሁ። የፈታችሁትን በተራ በተራ ጋዜጣ ላይ ደርድሩ። (እኔ የደረደርኩት በዚሁ ጋዜጣ ላይ ነው፤ አዘጋጁ አይስማ።)

በማግስቱ ሁለቱንም ካርቡራተሮች በፌስታል ይዤ መርካቶ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። አባቴን ያውቁታል። ፌስታሉን ገልጠው አይተው «ማነው እንዲህ ያረዳት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የአባትህ ልጅ አይደለህም ማለት ነው» አሉና የቀኟን አንሥተው በብርሃን አዩዋት። «ይቺ ደህና ናት። ድሮ የጠረጋት ሰው አለ።» ቀጥለው የግራዋን ያዙ። ብሎኖቿን በመዶሻ በሚመታ ካቻቢቴ ፈቷቸው፤ ሁለት ምት ሁለት ምት። ሳህኗ ስትከፈት ከውስጧ ቤንዚን የሚባል የለም። ነጭ ዱቄት ነው። ሳህኗን በልቷት፣ ሥሯን እንደ ተፈነቀለ ልስን አድርጓት፣ ተንሳፋፊዋን ካለችበት አጣብቋታል።

«ይሄ የቆመ ቤንዚን አይደለም» አሉኝ። «ቤንዚን ሲቆይ ቡኒ ሙጫ ነው የሚሆነው። እንዲህ ነጭ የሚያደርገው ውሃ ነው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ሥር ሄዶ ይተኛል። ጄቷም ሥር ነው ያለችው። ሞተሩ ቤንዚን ብሎ ሲስብ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው። ያኔ የጠረገው ሰው የቀኟን ፈትቶ የግራዋን ሳይነካ ገጥሟታል።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ማነው ይቺን ውሃ ያጠጣት?»

አፌ ደረቀ። «እኔ እንጃ» አልኳቸው።

ዋሸሁ እናንተዬ። አውቅ ነበር። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ በየማታው «ቤንዚን ተወደደ፣ ቤንዚን ተወደደ» እያለ ያማርራል። እናቴ ደግሞ በየጠዋቱ «ወተቱን ውሃ እየጨመረች ታበዛዋለች» እያለች ከወተት ሻጯ ጋር ትጣላለች። እኔ ሁለቱን አገናኘሁ። ውሃ ሲጨመር ነገር ይበዛል፣ አባዬም ደስ ይለዋል። ማንም ሳያየኝ የታንከሩን ክዳን ከፍቼ አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ ገለበጥኩበት።

በነጋታው አባቴ በዝናብ ሞተሯን እየገፋ መጣ። ወንድሜ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቁልፍ ሰርቆ ሲነዳት ተይዟል። ጥያቄ እንኳ አልነበረም። ቀበቶ ወጣ። እኔ ከአልጋ ሥር ነበርኩ። ቆጥሬያለሁ፤ ቁጥሩን ግን እዚህ አልጽፈውም። ወንድሜ «እኔ አይደለሁም» ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ።

ሽማግሌው የግራዋን ሳህን በመቦረሽና በመጥረግ ሦስት ቀን ፈጁባት። ጄቶቹን በሽቦ መጎርጎር በእሳቸው ቤት እንደ ነውር ነው፤ «ቀዳዳዋን ካሰፋሃት አዲስ ግዛላት» ይላሉ። በናይለን ክርና በኮምፕሬሰር አየር ነው የሚያጸዱት። ተንሳፋፊዋን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ነቀነቋት፤ ውስጧ የሚንቦጫረቅ ካለ ተበስታለች ማለት ነው። አልተበሳችም። የቀረችው ዲያፍራሟ ናት። ሶማሌ ተራን አካለልኩ። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት ክምር ሥር ሳይቀር ገባሁ። አንዱ የጄኔሬተር ላስቲክ፣ ሌላው የጋዝ ምድጃ ላስቲክ ይሸጥልኛል። ሽማግሌው ሲሰለቻቸው «አንተ ልጅ፣ ይቺ ሞተር አሜሪካ ውስጥ እንደ ዳቦ ነው የተሸጠችው። ዕቃዋ ዛሬም እዚያ አለ። አሜሪካ ሰው የለህም?» አሉኝ።

አለኝ። ወንድሜ በ2006 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት ሄዷል። ግን አንነጋገርም። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አባቴ ሲያርፍ ወንድሜ አልመጣም፤ ለለቅሶው ወጪ ገንዘብ ላከ። እኔ ደግሞ ድንኳኑ ሥር ቆሜ፣ ዘመድ እየሰማኝ፣ በስልክ «አባትህን በዶላር ቀበርከው» አልኩት። ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ እናቴን ያናግራታል፤ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ሦስት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና ጻፍኩለት። «ሰላም ነው? ለአባዬ ሞተር ዲያፍራም እፈልጋለሁ። ሲቢ 350።» በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ።

«ስንት?»

«አንድ።»

«ሁለቱም ነው የሚቀየረው።»

በቃ። ይህቺው ናት። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ዕቃው ይመጣል፣ ሞተሯ ትነሣለች፣ ዘመድም «ታረቁ» ይላል። ግን ያ ነጭ ዱቄት እንቅልፍ ነሣኝ። በሳምንቱ፣ በእነሱ ማታ በእኛ ንጋት ላይ ደወልኩለት።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት። እንዲህ ብዬ የጠራሁት ልጅ ሳለሁ ነበር። «ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ዝም አለ። ከበስተጀርባው መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«አውቃለሁ» አለኝ። «በመስኮት አይቼሃለሁ። ጆጉን በሁለት እጅህ አቅፈህ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አሥር ዓመትህ ነበራ። አባዬ ደግሞ ያን ቀን እጁን የሚመጥን ሰው አልነበረም።»

ነገሩ እዚህ ያለቀ መሰለኝ። ማልቀስም ጀምሬ ነበር። እሱ ግን አልጨረሰም።

«የከፋኝ ቀበቶው አይመስልህ» አለኝ። «ከመጣሁ ጀምሮ በደወልኩ ቁጥር አባዬ ‹ሞተሬን የገደልከው፣ እንዴት ነህ?› ይለኛል፤ ለቀልድ። አንተ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ትስቃለህ። ሳቅህ በስልክ ይሰማኛል። ዛሬ ይነግረዋል፣ ለበዓል ይነግረዋል እያልኩ አሥራ አራት ዓመት ጠበቅኩህ። አሁን ለማን ልትነግረው ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ይቅርታ አልኩት። «እሺ» አለ። «ዕቃውን አንድ ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው ይዞልሃል» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ለእናቴ የነገርኳት በዚያው ቀን ነው፤ ሽሮ እያማሰለች። ማማሰያውን አላቆመችም። «ለምን ዛሬ ነገርከኝ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ማታ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ ከወንድሜ ጋር ለረጅም ሰዓት አወራች። ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ «ራትህን ብላ» አለችኝ። (ይህን ጽሑፍ እንዳወጣም ሁለቱንም አስፈቅጃለሁ። ወንድሜ «ስሜን እንዳትጽፍ፤ ብሎኖቹን እንደላጨህ ግን ጻፍ» ብሏል።)

ዕቃው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ደረሰ። ሁለት ዲያፍራም፣ የሳህኖቹ ጓርኒሲዮን፣ ከሥር ደግሞ ያላዘዝኩት አንድ ካቻቢቴ። የጃፓን ብሎን መፍቻ! ብሎኖቹን እንደላጨሁ ያኔ ገና አልነገርኩትም። ያው፣ ያውቀኛል።

ገጠማውን ሽማግሌው እኛ ግቢ መጥተው፣ እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ እኔን ነው ያሠሩኝ። የዲያፍራሟ ከንፈር ቦዩ ውስጥ ሳይታጠፍ ዙሪያውን መግባት አለበት። ክዳኑ ከመታሰሩ በፊት ፒስተኗን በጣት ከፍ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ቀስ ብላ፣ ሳትይዝ ከወረደች ጤነኛ ናት። የአየር ማስተካከያዋን ብሎን እስከ መጨረሻው በለስላሳው አጥብቆ አንድ ዙር መመለስ። ከሁሉም ያስቸገረን ሁለቱን ማስተካከል ነበር። ጋዙ አንድ ሆኖ ገመዱ ግን ወደ ሁለት ይከፈላል፤ አንዷ በስንዝር ሽራፊ ብትቀድም ሞተሯ ታነክሳለች። ሽማግሌው ሁለት መዳፋቸውን ከሁለቱ ማርሚታዎች ጀርባ ይዘው ትንፋሹን ያመዛዝናሉ፤ ልክ ሕፃን ያተኮሰው እንደሆነ እንደሚዳስሱ። እኔ «ሁለት ካርቡራተር እንደ ባልና ሚስት ነው ማለት ነው» ስላቸው «አንተ ጋዜጠኛ፣ ዝም ብለህ ብሎንህን ያዝ» አሉኝ።

ገና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ ካንዴላና አዲስ ቤንዚን አድርገን መርገጥ ጀመርኩ። አሥር ጊዜ። ሃያ ጊዜ። እናቴ ስልኳን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ስልኩ ላይ ወንድሜ አለ፣ ገና ከእንቅልፉ የተነሣ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ሞተሯ ሳለች፤ ነጭ ጭስ ተፋች፤ ከዚያ ያዘች። ጉርምርምታው ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«አስጠጊልኝ» አላት ወንድሜ። ስልኩን ወደ ማርሚታው አስጠጋችለት። ለአፍታ ምንም አላለም።

«የግራዋ ዘግየት ትላለች» አለ።

ሽማግሌው ቀና ብለው «ከየት አገር ሆኖ ነው የሚሰማው?» አሉ። ግን መዳፋቸውን መልሰው ያዙና ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ነበር።

ካቻቢቴውን አነሣሁና ሩብ ዙር ሰጠኋት። «አሁንስ?» አልኩት።

«ቆይ፣ አትናገር» አለኝ። «ልስማት።»